እናትን ይዞ ሁለት ቀን ተኩል በሮም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ በጥቅምት አጋማሽ ሮምን ላሳያት አስቤያለሁ። ማክሰኞ ማታ ገብተን ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንወጣለን። 67 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ኮሎሲየምን፣ ቫቲካንን፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ማየት ትፈልጋለች። ጊዜው ይበቃናል? በምን ቅደም ተከተል እንሂድ?»

ምላሽ፦ ጊዜው ይበቃችኋል፤ ቅደም ተከተሉን ደግሞ የሳምንቱ ቀን ራሱ ይወስንላችኋል። የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሮም ካሉ ረቡዕ ጠዋት በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሕዝብ ይቀበላሉ፤ በዚህ ምክንያት ባዚሊካው እስከ ቀትር ድረስ ለጎብኚ አይከፈትም። ይህን ሳያውቅ ረቡዕ በማለዳ ሄዶ አጥር ሥር ቆሞ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ለኮሎሲየምና ለመሀል ከተማው፣ ሐሙስ ለቫቲካን፣ ዓርብ ጠዋት ደግሞ በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ላሉት ይሁን። ከዚህ ሁሉ ቀድማችሁ በሰዓት የምትይዙት ሁለቱን ብቻ ነው፤ የረቡዕ ጠዋቱን ኮሎሲየምና የሐሙስ ረፋዱን ቫቲካን ሙዚየም። ሦስተኛ ቀጠሮ አትጨምሩ። ቦርጌዜ ሙዚየም እጅግ ውብ ነው፤ ግን ያለ ቀጠሮ አይገባም፣ የሚሰጠውም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት እሱን መደረብ ጉብኝቱን ሩጫ ያደርገዋል።

ሰዓቱን ከዚህ በታች የጻፍኩት ትኬት ላይ እንደሚታተመው ነው። 9፡00 ማለት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ለእናትዎ ሲነግሯቸው በእኛ ሰዓት ይንገሯቸው፤ ትኬቱን ሲገዙ ግን አይቀላቅሉት። «ዘጠኝ ሰዓት» ተባብሎ በስድስት ሰዓት መሳሳት ቀላል ነው። ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኮሎሲየም መደበኛ ትኬት 18 ዩሮ ነው፤ ለ24 ሰዓት ያገለግላል፤ ኮሎሲየሙን፣ የጥንቱን የሮም አደባባይ (ፎሮ ሮማኖን) እና የፓላቲኖን ኮረብታ ያካትታል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን አስቀድሞ ነው፤ የጠዋቶቹ ሰዓቶች ቶሎ ያልቃሉ፤ ስለዚህ ቀኑን ቆጥረው ያን ዕለት ይግዙ። ትኬቱ በስም ነው የሚሸጠው፤ በሩ ላይ ከመታወቂያ ጋር ያመሳክሩታል። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ የአባትና የአያት ስም ቦታ ይቀያየራል፣ አንዱ ላይ ሁለት «ኤል» ሌላው ላይ አንድ ይሆናል። በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል ይሙሉት። የእናትዎን ዋናውን ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሆቴሉም ይጠይቃችኋል። ዋጋው ከ18 ዩሮ በላይ ሆኖ ሁለትና ሦስት እጥፍ ካያችሁ ያላችሁት ደላላ ገጽ ላይ ነው፤ ወይም አስጎብኚ ተጨምሮበታል። ለአረጋውያን ቅናሽ አይጠብቁ፤ በመንግሥት ሙዚየሞች የነበረው ከተነሳ ቆይቷል፣ ቫቲካንም የለውም።

የቫቲካን ሙዚየም በኢንተርኔት ሲያዝ 20 ዩሮው ላይ 5 ዩሮ የማስያዣ ይጨመራል፤ ሽያጩ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ ይከፈታል። እዚያም ከሙዚየሙ ከራሱ ገጽ ይግዙ።

ማረፊያ ሲመርጡ ከተርሚኒ እስከ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሰፈር ይፈልጉ። የሜትሮው ኤ እና ቢ መስመሮች የሚገናኙት ተርሚኒ ስለሆነ ወደ ኮሎሲየምም ወደ ቫቲካንም ሳይቀይሩ ይደርሳሉ። ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ሊፍት አለ? የሚነሳውስ ከመንገዱ ደረጃ ነው ወይስ ከግማሽ ፎቅ? በዚያ ሰፈር ብዙ እንግዳ ማረፊያ በአሮጌ ሕንፃ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት ቢኖርም ለመድረስ ስምንትና አሥር ደረጃ መውጣት ሊኖር ይችላል። የከተማው የመኝታ ግብር ለብቻው የሚከፈል ነው፤ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ላይ በሰው በአንድ ሌሊት 6 ዩሮ፣ ባለ አራት ላይ 7.50 ነው። ክፍሉን ቀድሞ መክፈል እሱን አይሸፍነውም።

ማክሰኞ ማታ ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ ሁለት አማራጭ አለ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል፤ በሰው 14 ዩሮ ነው። ርካሹ የአካባቢ ባቡር በ8 ዩሮ ይሄዳል፤ ግን ተርሚኒ አይደርስም፤ ትራስቴቬሬና ኦስቲየንሴ አድርጎ ቲቡርቲና ነው የሚሄደው፤ እዚህ ላይ ተሳስቶ የሚሳፈር ብዙ ነው። ለእናንተ ግን ታክሲ ይሻላል። በጥንቱ የኦሬሊያን ቅጥር ውስጥ ላለ አድራሻ ከዚህ አየር ማረፊያ የሚከፈለው በከተማው የተወሰነ ቁርጥ ዋጋ ነው፤ 55 ዩሮ፣ ሻንጣውን ጨምሮ። ለሁለት ሰው ከባቡሩ 27 ዩሮ ነው የሚበልጠው፤ በር ድረስ ያደርሳል። ነጩን ታክሲ ከሰልፉ ይያዙ፤ መውጫው አዳራሽ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚቀርብን ሰው አይከተሉ።

እንግዲህ ረቡዕ። ኮሎሲየም ጠዋት ሲከፈት ያለውን የመጀመሪያ ሰዓት ይያዙ። ሻንጣና ትልቅ ቦርሳ አይገባም፤ ማስቀመጫም የለውም። ውስጡ ያለው ደረጃ ቀጥ ያለና ረጅም ነው፤ ሊፍት ግን አለ፣ መሄድ ለሚቸገሩ ያስጠቅማሉ። እንደገቡ ለሠራተኛው ይንገሩት፤ ደረጃውን ከጀመሩ በኋላ መመለስ ሰውን መግፋት ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን ሰሜኑን ጎን ከውጭ ቀና ብላችሁ እዩት። ከታችኛው ቅስቶች በላይ በሮማውያን ቁጥር የተቀረጸ ምልክት አለ፤ ከ23 እስከ 54 ያሉት ዛሬም ይነበባሉ። ሕንፃው ዙሪያውን 80 ቅስት ነበረው፤ በ80 ዓ.ም. ሲመረቅ ተመልካቹ በእጁ የያዘው ምልክት በየትኛው በር እንደሚገባ ይነግረው ነበር። በስልካችሁ ላይ ያለው የሰዓት ትኬት የሚሠራው ሥራ ያው ነው። ድንጋዩን በሙሉ የበሳሱት ጉድጓዶች ደግሞ የጥይት አይደሉም፤ ድንጋይን ከድንጋይ ያያያዘውን ብረት በመካከለኛው ዘመን ሰዎች እየፈለፈሉ ሲያወጡ የቀሩ ናቸው።

በዚያው ትኬት ወደ ፎሮ ሮማኖ ስትገቡ እስከ ቲቶ ቅስት ብቻ ሂዱ። ከዚያ በታች ያለው ጥንታዊ መንገድ በትልልቅና በተዛነፉ ጥቁር ድንጋዮች የተነጠፈ ነው፤ ጉልበትን ከደረጃ ይበልጥ የሚጎዳው እሱ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ቁርጭምጭሚትን ወደ ጎን ይጥላል። የቲቶ ቅስት ግን ለእናትዎ ከኮሎሲየሙ ይበልጥ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከቅስቱ ሥር ቆመው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሲዞሩ ወታደሮች በትከሻቸው ተሸክመው የሚሄዱት ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ይታያል። በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ከቤተ መቅደሱ የተማረከው ነው፤ ከጎኑ መለከቶቹም አሉ። የቀረውን ፎሮ ከላይ፣ ከካምፒዶልዮ አደባባይ ጀርባ ካለው ሰገነት በነጻ ማየት ይቻላል፤ ታክሲ እዚያው አቅራቢያ ያወርዳችኋል። ፓላቲኖን ተዉት፤ ኮረብታ ነው።

ከዚያ ወደ ጠየቁት ሐውልት። ከኮሎሲየሙ አጠገብ ካለው ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን ይያዙ። ቀጥ ያለ፣ ሜዳ የሆነ፣ ዛፍ ያለው መንገድ ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ማንኛውም ጎብኚ የሚያውቀው ወደ ሜትሮ መሄጃ አድርጎ ነው፤ ለእኛ ግን የአበበ ቢቂላ መንገድ ነው። የ1960ው ኦሎምፒክ ማራቶን የተጀመረው ከካምፒዶልዮ ሥር፣ ያለቀውም በቆስጠንጢኖስ ቅስት ነበር፤ ሩጫው መሽቶበት ሯጮቹ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ በችቦ ብርሃን ነበር የሄዱት። ቀኑ መስከረም 10፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ትከሻ ለትከሻ መጥቶ ጥሎት የወጣው የአክሱም ሐውልት ወደ ቆመበት አካባቢ ሲደርስ ነው። በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። እናንተ የምትሄዱት የዚያን የመጨረሻ መንገድ በተቃራኒው ነው። በመንገዱ ግድግዳ ላይ 50ኛ ዓመቱ ሲታሰብ የተደረገ ጽሑፍ አለ፤ በዚያው በ2010 የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ጌና የመጨረሻውን 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ ሮጦታል። ጽሑፉን ሳታዩ እንዳታልፉ በዝግታ ሂዱ።

መንገዱ ሲያልቅ የሚታየው ትልቁ ነጭ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የተሠራው ግን ጣሊያን ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ሚኒስቴር ብላ ነው፤ ሐውልቱም በ1937 ከአክሱም መጥቶ ፊቱ የተተከለው ለዚያ ነበር። በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2003 ተነቀለ፤ በ2005 ሦስት ቦታ ተቆራርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በ2008 ቆመ። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት። ዛሬ በአደባባዩ ያሉት ሁለት ዓምዶች በአሜሪካ በመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ ናቸው፤ ከሐውልቱ ጋር አይገናኙም፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ ፎቶ ይነሳባቸዋል። ባዶውን ቦታ ማየት ምን ያደርጋል ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው፦ አክሱም ላይ ቆሞ ያዩት ሰው፣ የት ድረስ ተወስዶ እንደነበረ በእግሩ ሲለካው ነገሩ ይገባዋል። እዚያው ያለው ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው ሜትሮ ጣቢያ በቢ መስመር ወደ ተርሚኒ ይመልሳችኋል።

ከ13፡00 እስከ 15፡30 እናትዎ ይተኙ። ይህን ዕረፍት ለሌላ ቦታ አትሽጡት። በሮም ብዙ ቤተ ክርስቲያን በቀትር ይዘጋል፤ ጊዜ ያተረፉ መስሏቸው የሚወጡ ሰዎች የተዘጋ በር ነው የሚያገኙት።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼሲ ቤተ ክርስቲያን ውረዱ። መግቢያ በነጻ ነው። በግራ በኩል መጨረሻ አካባቢ ባለው ጸሎት ቤት የካራቫጆ ሦስት ሥዕሎች አሉ፤ የቅዱስ ማቴዎስ ታሪክ ናቸው። ጨለማ ነው፤ ሳንቲም የሚጨመርበት ሳጥን አለ፤ ሲጨመርበት መብራቱ ለጥቂት ደቂቃ ይበራል። ስለዚህ ሳንቲም ይዛችሁ ግቡ። ሰው ሁሉ የሚቆመው ግራው ሥዕል ፊት ነው፤ እናንተ ቀኙን ረዘም አድርጋችሁ እዩት። ሐዋርያው ነጭ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ መሬት ላይ ወድቋል፤ ገዳዩ ራቁቱን ክንዱን ይዞታል፤ መልአክ ከደመና ጎንበስ ብሎ የሰማዕትነቱን ዘንባባ ወደተዘረጋው እጁ ያወርዳል። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህ የሆነው በኢትዮጵያ ነው፤ ማቴዎስ የሞተው በእኛ አገር ንጉሥ ትእዛዝ፣ በመሠዊያው ፊት ነው ይላሉ። ከበስተኋላ ወደ ኋላ እያየ የሚሸሸው ጢማም ሰው ሠዓሊው ራሱ ነው።

ከዚያ ፒያሳ ናቮና ሁለት ደቂቃ ነው። የመሀሉ ምንጭ በቤርኒኒ ንድፍ በ1651 የተጠናቀቀ ሲሆን አራት ታላላቅ ወንዞችን በአራት ሰው መስሎ ያቀርባል፤ ዳኑብ፣ ጋንጅስ፣ ሪዮ ደ ላ ፕላታና የእኛው ዓባይ። ዓባይን ለማግኘት ራሱን በጨርቅ የሸፈነውን ይፈልጉ፤ መነሻው አይታወቅም ለማለት ነው። ከሥሩ ዘንባባና ውኃ ሊጠጣ የመጣ አንበሳ አለ። ሐውልቱ ሲሠራ ግን የስፔኑ ቄስ ጴድሮ ፓኤዝ ግሽ ዓባይን በዓይኑ ካየ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። የሰከላ ሰው ደግሞ ምንጩ ጠፍቶት አያውቅም። እናትዎን በምንጩ ዙሪያ ካሉት የድንጋይ መቀመጫዎች በአንዱ ላይ አሳርፈው ይህን ይንገሯቸው።

ፓንቴዮን በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ 5 ዩሮ ያስከፍላል። በሐድርያን ዘመን ነው የተሠራው፤ ብረት ያልገባበት የኮንክሪት ጉልላት ሆኖ እስከ ዛሬ በዓለም ትልቁ ነው፤ ስፋቱም ከወለሉ ያለው ከፍታም 43 ሜትር ገደማ ነው። በአናቱ ያለው 9 ሜትር ገደማ ቀዳዳ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ይገባል። ወለሉን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከመሀል ወደ ዳር በትንሹ ያዘቀዝቃል፤ ውኃው የሚሄድባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎችም አሉት። ያልፈረሰው ከ609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። ትሬቪ ምንጭ ከዚያ 700 ሜትር ያህል ነው፤ ማታ ግን ሰው ይበዛል፣ ወደ ገንዳው የሚወርደው ቁጥርም ተወስኗል። እናትዎ ከደከሙ ከላይ ሆነው አይተውት ይመለሱ። የስፔን ደረጃ ላይ መቀመጥ ግን ክልክል ነው፤ ያስቀጣል።

ስለ እግር፦ መሀል ከተማው በጥቁር ኮብልስቶን የተነጠፈ ነው። ከአዲስ አበባው ኮብልስቶን ያነሰና የለሰለሰ ነው፤ ሲዘንብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ለእናትዎ ስስ ሶል ያለው ጫማ አይሆንም፤ ወፍራም ጎማ ያለው ስኒከር ይግዙላቸው፤ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድመው ይልመዱት። ስለ ውኃ ደግሞ፣ በየመንገዱ ዳር የማያቋርጥ ውኃ የሚያፈሱ አፍንጫ መሰል ቧንቧ ያላቸው የብረት ምንጮች አሉ፤ በከተማው 2,500 ገደማ ናቸው፤ የሚጠጣ ውኃ ነው። ጎንበስ ማለት አያስፈልግም፤ የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለው ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀና ብሎ መጠጣት ነው።

አሁን ጾሙ። ጥቅምት አጋማሽ ጾመ ጽጌ ውስጥ ነው፤ እናትዎ እሱንም ከያዙ ምክሩ ለሁሉም ቀን ያገለግላል። ሮም ለጾመኛ ከብዙ የአውሮፓ ከተማ ትሻላለች፤ ምክንያቱም ማብሰያው የወይራ ዘይት ነው። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። አንዳንድ ቤት ግን ትንንሽ የጨው ዓሣ ይጨምርበታል፤ «ሴንሳ አሊቺ» ማለት ያለ ዓሣው ማለት ነው። ስፓጌቲ አልዮ ኦልዮ በነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። አራቢያታ በቲማቲምና ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ነው፤ ሲቀርብ ግን አስተናጋጁ ሳይጠይቅ አይብ ይበትንበታል፤ ስለዚህ ሲያዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» ይበሉ። ደረቁ ፓስታ በዱቄትና ውኃ ነው፤ «ፍሬስካ» የሚባለው ትኩሱ ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት። ቺኮርያ የሚባለው ቅጠል በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ ሲቀርብ ጎመናችንን ይመስላል፤ ከዳቦ ጋር ያጠግባል። ሾርባና ባቄላ ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ፤ የአሳማ ቆዳ ወይም የአይብ ቅርፊት የሚቀቀልበት ጊዜ አለ። ለጾምም ለፍስክም የሚጠነቀቁበት ሌላው፦ ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ ሦስቱም የሚሠሩት በአሳማ ጉንጭ ሥጋ ነው። ሐሙስ ፍስክ ከሆነ ካቾ ኤ ፔፔ ያዙ፤ የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው።

እንጀራ ካማራቸው ከተርሚኒ በስተሰሜን ባለው ሰፈር የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። ማኪያቶ ግን በሮም የእኛው ማኪያቶ አይደለም፤ አንድ ጉንጭ ቡና ላይ ወተት ጠብ የተደረገበት ነው። የለመዱት ዓይነት ከፈለጉ ካፑቺኖ ይዘዙ። «ላቴ» ብቻ ካሉ ባዶ ወተት ይመጣል። ቆሞ ሲጠጣና ተቀምጦ ሲጠጣ ዋጋው ይለያያል፤ በአደባባዮቹ አጠገብ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ሐሙስ በጠዋት ተነሡ። ኤ መስመር ይዛችሁ ኦታቪያኖ ውረዱ፤ ከዚያ አደባባዩ አሥር ደቂቃ ነው። ባዚሊካው 7፡00 ይከፈታል፤ መግቢያው በነጻ ነው፤ ፍተሻው ላይ ያለው ሰልፍ ግን ከ9፡00 በኋላ አደባባዩን ይዞራል። ሙዚየሙን አስቀድመው ባዚሊካውን ለከሰዓት የሚያስቀሩ ሰዎች የሚቸገሩት በዚህ ነው። ትከሻና ጉልበት የተሸፈነ ይሁን፤ የእናትዎ ነጠላ በቂ ነው፤ እርስዎ ግን ቁምጣ አይልበሱ። እንደገቡ በስተቀኝ ባለው የመጀመሪያ ጸሎት ቤት የሚካኤል አንጄሎ ፒየታ አለ፤ በ1972 አንድ ሰው በመዶሻ ከመታው ወዲህ ከመስታወት ጀርባ ነው። ድንግል ማርያም ልጇን ከመስቀል አውርዳ ታቅፋ። ጠዋት ሰው ሳይበዛ እናትዎ ፊት ለፊቱ ቆመው የሚጸልዩበት ጊዜ ያገኛሉ፤ በማለዳ የመሄዱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ወደ ጉልላቱ መውጫ ሁለት ዓይነት ነው፤ በእግር 551 ደረጃ፣ ወይም እስከ ጣሪያው በሊፍት ሆኖ የቀረው 320 ደረጃ። እናትዎ በሊፍት ጣሪያው ድረስ ይውጡ፤ እዚያ መጸዳጃም ቡናም አለ፤ ከዚያ በላይ ግን ጠባብና ከጉልላቱ ጋር እየተጣመመ የሚሄድ ደረጃ ስለሆነ እርስዎ ብቻዎን ይውጡ። ላይ ሲደርሱ ሁሉም ፎቶ የሚያነሳው ወደ አደባባዩ ነው፤ እርስዎ ወደ ምዕራብ ወደ አትክልቱ ይዙሩ። ከባዚሊካው ጀርባ ሥር ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የእኛ ናት፤ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ። በ1479 ሲክስቱስ አራተኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጡ። በ1513 በዓለም የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በሮም ሲታተም አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን ፊደሉን የተማረው ከነዚሁ መነኮሳት ነው። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳትመዋል፤ መቃብራቸው እዚያ ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍም አባ ጎርጎርዮስን ያገኛቸው እዚህ በ1649 ነው፤ አውሮፓ ስለ አማርኛ ያወቀችው አብዛኛው ከዚያ ወዳጅነት ወጣ። በአትክልቱ ኮረብታ ላይ ያለው ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች ዝም ብሎ አይገባም፤ መግባት ከፈለጉ ለኮሌጁ ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። በር ላይ ሄዶ ጠባቂዎቹን ማስረዳት አይሠራም።

የሙዚየሙን ቀጠሮ ለ10፡30 ገደማ ያድርጉት፤ ምክንያቱም በሩ ከአደባባዩ ጋር አንድ አይደለም። ከባዚሊካው ወጥተው ቅጥሩን ዞረው በስተሰሜን ባለው ቪያሌ ቫቲካኖ ነው የሚገባው፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ መጨረሻው ዳገት። እናትዎን በታክሲ ይውሰዷቸው። ውስጡ ሲገቡ የዊልቸር ውሰት በነጻ አለ፣ መታወቂያ ተይዞ፤ «አላስፈልገኝም» ቢሉም ይውሰዱት፤ እስከ ሲስቲን ጸሎት ቤት ያለው መንገድ መቀመጫ ያንሰዋል። በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ለማየት አትሞክሩ። 120 ሜትር የሚረዝመው የካርታዎች አዳራሽና የራፋኤል ክፍሎች ይበቃሉ፤ የቀረውን ጉልበት ለሲስቲን አቆዩት።

ሲስቲን ውስጥ ፎቶ ማንሳትም መነጋገርም ክልክል ነው፤ ስለዚህ ማብራሪያውን ከመግባታችሁ በፊት ይንገሯቸው። ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ መቀመጫ አለ፤ አንድ ሰው እስኪነሳ ጠብቃችሁ አስቀምጧቸው። ጣሪያው ከ1508 እስከ 1512 ተሣለ፤ ዘፍጥረትን የሚያነበው ከመሠዊያው በላይ ብርሃን ከጨለማ ከሚለይበት ጀምሮ ነው፤ ሚካኤል አንጄሎ የሣለው ግን ከተቃራኒው ከኖኅ ጀምሮ ነው። የጥፋት ውኃውን ሰዎች እዩ፤ ትንንሽና የተጨናነቁ ናቸው። ወደ መሠዊያው በቀረበ ቁጥር ሰዎቹ እየተለቁ፣ እየቀነሱም ይሄዳሉ። በመሠዊያው ግድግዳ ላይ ባለው የመጨረሻ ፍርድ ቅዱስ በርተሎሜዎስ የተገፈፈ ቆዳውን ይዟል፤ በቆዳው ላይ ያለው ፊት የሠዓሊው የራሱ ነው።

ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና ኤ መስመር ሜትሮ ኪስ አውላቂ የሚበዛባቸው ናቸው። አደጋው የሚበዛው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ከኋላ ይገፋሉ፣ ከፊት አንዱ ይቆማል። የእናትዎ ቦርሳ በሆዳቸው በኩል፣ ከነጠላው ሥር ይሁን። በአደባባዮች ላይ «ስጦታ ነው» ብሎ አምባር እጃቸው ላይ ሊያስር የሚመጣ ሰው ካለ እጃቸውን ይሰብስቡ፤ ከታሰረ በኋላ ገንዘብ ይጠየቃል። የሜትሮ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ በባንክ ካርድም በሩ ላይ መንካት ይቻላል፤ ሁለት ሰው ከሆናችሁ ግን ሁለት የተለያየ ካርድ ያስፈልጋል። በአውቶቡስ የወረቀት ትኬቱን ማሽኑ ውስጥ ካላስመቱት እንደሌለዎት ይቆጠራል።

ዓርብ ሻንጣችሁን ለሆቴሉ ተዉና ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ግቡ። ከላይ ያሉት ሞዛይኮች የአምስተኛው መቶ ዘመን ናቸው፤ በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም የተቀበሩት እዚያ ነው፤ መቃብራቸው ላይ ያለው ስማቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ተርሚኒ ሲመለሱ ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው የግብፅ ሐውልት ተተክሎበት ከአደባባዩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ባለው አትክልት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን የቆመው እዚያ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ጣሊያኖች ላይ የተነሣውም በዚያ ፊት ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ተመልሷል። እናትዎ አዲስ አበባ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ስንት ጊዜ አልፈውታል፤ የት እንደነበረ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ያሳዩአቸዋል።

ወደ አየር ማረፊያው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ በዚህ ሰዓት ከታክሲ ይሻላል፤ የዓርብ ከሰዓት መንገድ ይጨናነቃል። ባቡሩ የሚነሳው ከጣቢያው ቀኝ ዳር ካሉት መስመሮች ስለሆነ ከዋናው አዳራሽ እስከዚያ ለሚሄዱበት ሌላ 10 ደቂቃ ጨምሩ፤ የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት በትንሹ ማሽን አስመቱት።